«ወደ ቤት ውሰዷት» የሚባል ሕክምና የለም!

«ከዚህ በኋላ እኛ የምናደርገው ነገር የለም። ወደ ቤት ውሰዷትና ተንከባከቧት።»

ይህችን ቃል ያልሰማ ቤተሰብ ካለ እሰየው፣ ዕድለኛ ነው። እኔ የሰማኋት በ2014 ዓ.ም. ክረምት፣ ሐምሌ ውስጥ፣ ስሙን በማልጠራው አንድ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ቆሜ ነው። የተባለላትም አክስቴ ናት። እታለም ነበር የምላት። እናቴ በልጅነቴ ስትሞትብኝ ጥሊሊ ላይ ጠላ ጠምቃ ያሳደገችኝ፣ ኮሌጅ ገብቼ ዲፕሎማዬን እስክይዝ ከመቀነቷ እየፈታች የላከችልኝ እሷ ናት። በሽታዋ የማሕፀን በር ካንሰር ነበር፤ የተደረሰበትም ከተሠራጨ በኋላ ነው። ሐኪሙ «አትድንም» ሲለኝ አልዋሸም። የዋሸው «የምናደርገው ነገር የለም» ያለኝ ጊዜ ነው!

ያን ጊዜ ውሸት መሆኑን አላወቅሁም። ዛሬ አውቃለሁ። ነገሩ የአንዲት የጥሊሊ ባልቴት ጣጣ ብቻ ቢሆን ኖሮ እንባዬን ዋጥ አድርጌ ዝም ባልኩ። ግን የሁላችንም ጣጣ ነው። ሞት የማይጎበኘው ቤት የለማ!

አርባ ሦስት ሌሊት

ከሆስፒታል ከወጣን እስከ ሞተችበት ድረስ አርባ ሦስት ሌሊት ነው። ቀኑን አልቆጠርኩትም። ቀን ሰው ይመጣል፣ ቡና ይፈላል፣ «እግዜር ይማርሽ» ይባላል፣ ይመሻል። የቆጠርኩት ሌሊቱን ነው። የአዊን ክረምት የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ጎረቤት የጎረቤቱን ጩኸት አይሰማም። እታለም እየጮኸች እኔ ብቻ ነበርኩ የምሰማት።

ከሆስፒታሉ የተሰጠን ፓራሲታሞልና ዲክሎፌናክ ነው። አጥንት ድረስ ለዘለቀ የካንሰር ሕመም ፓራሲታሞል መስጠት የሚነድ ጎጆ ላይ በሲኒ ውኃ መርጨት ነው። ኋላ ከመድኃኒት ቤት ትራማዶል አገኘሁ፤ ለጥቂት ቀን አስተኛት፤ ከዚያ እሱም አቃተው። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እጄን ጨብጣ «ልጄ፣ ይሄ ሌሊት አይነጋም እንዴ?» ትለኛለች። ምን ልበላት? ጋዜጠኛ ነኝ ባይ፣ ስለ ስንቱ ስጽፍ የኖርኩ ሰው፣ ለአንዲት አሳዳጊዬ የምመልሰው ቃል አጣሁ።

ሌላም ነገር ነበር፤ ለመናገር የሚከብድ። ሽታው። ካንሰሩ ቆስሎ ይሸት ጀመር። እታለም ንጹሕ ሴት ነበረች፤ የጠላ ጋኗን በግራዋ አጥባ አጥና የማትጠግብ። ጎረቤት ሲመጣ «ዕጣን አጭስ» ትለኛለች። ኋላ ኋላ «ሰው አታስገባ» አለችኝ። ከሕመሙ ይልቅ ኀፍረቱ ገደላት ብል አላጋነንኩም።

ከዓመት በኋላ አዲስ አበባ ላይ ለአንድ ጽሑፍ ስሯሯጥ በማስታገሻ ሕክምና የሠለጠነች አንዲት ነርስ አገኘሁ። ነገሩን ብነግራት «ሜትሮኒዳዞል አልሰጧችሁም?» አለችኝ። ሜትሮኒዳዞል! ይሄ ሁላችን ለአሜባ የምንውጠው ርካሽ ክኒን! በባለሙያ ትእዛዝ ተፈጭቶ ቁስሉ ላይ ሲነሰነስ ሽታውን ይቀንሳል አለችኝ። አንባቢ ሆይ፣ ያን ዕለት የተሰማኝን እንዳትጠይቀኝ። እታለም ከሰው ተደብቃ የሞተችው ጥሊሊ ውስጥ በማንኛውም መድኃኒት ቤት በሚሸጥ ክኒን ምክንያት ነው። «የምናደርገው ነገር የለም» ማለት እንግዲህ ይህ ነው!

ከሁለት ሺሕ ዘጠኝ መቶ ሰማንያ አምስት ኩንታል አንዷ

ለሚሞት ሰው የሚደረግ ነገር አለ። አዲስ ግኝትም አይደለም። ሲስሊ ሳንደርስ የተባሉ እንግሊዛዊት፣ መጀመሪያ ነርስ፣ ኋላ ሐኪም የሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በ1967 ለንደን ላይ ሴንት ክሪስቶፈር የሚባለውን ሆስፒስ ከፈቱ። ሆስፒስ ማለት መዳን ለማይችል በሽተኛ የቀረውን ጊዜ ያለ ስቃይ፣ በክብር እንዲያሳልፍ የሚረዳ አገልግሎት ነው፤ በተቋም ውስጥም ሆነ በራሱ ቤት። ሴትዮዋ ያስተማሩት ነገር ቀላል ነው፦ የሚሞት ሰው የሚያመው ሥጋው ብቻ አይደለም፤ ሐሳቡም፣ ኑሮውም፣ ነፍሱም ያመዋል፤ ሁሉም መታከም አለበት። ሕመሙ እስኪነሣ አይጠበቅም፤ መድኃኒቱ በሰዓቱ ይሰጣል፤ ሕመሙ ይቀደማል።

የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ1986 የካንሰር ሕመምን በደረጃ ማከሚያ መመሪያ አወጣ። መሰላሉ ላይ ከፓራሲታሞል ይጀመራል፣ በኮዴይን መሰል ይታለፋል፣ ጫፉ ሞርፊን ነው። እታለም ከመሰላሉ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ቀርታ ሞተች።

ሞርፊን ውድ ነው እንዴ? አይደለም። በአፍ የሚወሰደው ዱቄቱ በውኃ ተበጥብጦ የሚዘጋጅ ነው። ታዲያ የት ገባ? ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጣው ጥናት መልሱን ይሰጣል። በዓለም በየዓመቱ ከሚከፋፈለው 298.5 ቶን የሞርፊንና መሰል መድኃኒት ውስጥ ለድሆቹ አገሮች ሁሉ የሚደርሳቸው 0.1 ቶን ነው። በእኛ ሚዛን ልንገራችሁ፦ ከ2,985 ኩንታል አንዷ ኩንታል! አንድ አህያ ልትሸከማት ምንም የማይቀራት ጭነት ለድሃው ዓለም ሁሉ! ያችን ኩንታል ስንት ሚሊዮን ሰው እንደሚጋራት አስቡት።

«ድህነት ነዋ!» የሚል አይጠፋም። እሺ፣ ዩጋንዳ ሀብታም ናት? ዶክተር አን ሜሪማን የተባሉ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1993 ካምፓላ ላይ ሆስፒስ አፍሪካ ዩጋንዳን ጀመሩ። ሞርፊኑን በውኃ በጥብጠው፣ በጠርሙስ አድርገው፣ በሽተኛው ቤት ድረስ አደረሱት። ሐኪም የማይደርስበት ገጠር መኖሩን መንግሥቱም አመነና እ.ኤ.አ. በ2004 ለዚሁ የሠለጠኑ ነርሶችና ክሊኒካል ኦፊሰሮች ሞርፊን እንዲያዙ በሕግ ፈቀደ። የእኛው የምሥራቅ አፍሪካ አገር እኮ ናት! አባይን የምንጋራት አገር! ገንዘብ ሳይሆን ልብ ነው የበለጠችን።

ወረቀቱማ ሞልቷል

የእኛስ? የእኛማ ወረቀት መች ይጎድለዋል! ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2007 የሕመም ሕክምና መመሪያ አወጣ። እ.ኤ.አ. በ2014 የዓለም ጤና ጉባዔ አገሮች ሁሉ የማስታገሻ ሕክምናን የጤና ሥርዓታቸው አካል እንዲያደርጉ ወሰነ። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ ብሔራዊ የማስታገሻ ሕክምና መመሪያ ታተመ። ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ በተካሄደው የጤናው ዘርፍ የትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ውስጥም «ርኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ የጤና ባለሙያ» የሚል ግሩም መፈክር ነበረ። ግድግዳ ላይ ተለጥፎ አይቼዋለሁ። እታለም ተዘርግታ የተኛችበት ኮሪደር ግድግዳ ላይ!

እታለም ካረፈች በኋላ ስሙንም ወንበሩንም የማልጠራው አንድ የጤና ኃላፊ ዘንድ ገባሁ። «ለመዳን ተስፋ የሌለው ሰው ሕመሙ መታገሡን የሚቆጣጠር ማነው?» አልኩት። ሰውዬው ክፉ አይደለም። ኮምፒዩተሩን አየ፣ ፎርሙን ገለበጠና «እሱ መጠይቅ ሪፖርታችን ላይ የለም» አለኝ። ክትባት ስንት፣ ወሊድ ስንት፣ ወባ ስንት፣ ሁሉም ሣጥን አለው። «ሌሊት የጮኸ ስንት?» የሚል ሣጥን የለም። ሣጥን የሌለው ደግሞ ለመንግሥት አልደረሰም ማለት ነው።

የጤና ኤክስቴንሽኗ ልጅም መጥታ ነበር። ደግ ልጅ ናት፤ በጭቃ ውስጥ በእግሯ ነው የመጣችው። መዝገቧን ገልጣ ስለ ሽንት ቤት፣ ስለ አጎበር ጠየቀችኝ። እታለም ከጓዳ ስታቃስት ሰምታ አንገቷን ደፋች። እሷ ምን ታድርግ? ላልሠለጠነችበት፣ ላልታጠቀችበት! ወቀሳው የእሷ አይደለም፤ የላኳት ሰዎች ነው።

መመዘኛው ይኸውና

እንግዲህ ሚኒስቴሩ ሣጥን እስኪሠራ አንጠብቅም። ዋና መቀመጫው ካምፓላ የሆነው የአፍሪካ የማስታገሻ ሕክምና ማኅበር ለዚሁ ብሎ ያዘጋጀው መጠይቅ አለ። ጥያቄዎቹ አሥር ብቻ ናቸው፤ ሰባቱ ለበሽተኛው፣ ሦስቱ ለአስታማሚው። መልሱ ከዜሮ እስከ አምስት ነው፤ ፊደል ያልቆጠረ ሰው በጣቱ ሊመልሰው ይችላል። እኔ ከዚያም፣ ከነርሷም፣ ከአርባ ሦስቱ ሌሊትም የተማርኩትን በራሴ ቋንቋ ላስቀምጥ። «የሚሞት ሰው እንንከባከባለን» የሚል ሆስፒታልም ይሁን በጎ አድራጎት፣ ወይም አዲስ አበባ ላይ ነጭ ጋዋን አልብሶ ነርስ በቀን ሒሳብ የሚልክ ነጋዴ፣ በዚህ ይመዘን።

አንደኛ፣ ሕመሙን ይጠይቃል ወይ? የደም ግፊት ለክቶ፣ ግሉኮስ ሰቅሎ የሚሄድ ሞልቷል። በመጨረሻዎቹ ቀናት ግሉኮስ ብዙውን ጊዜ የሚያጽናናው ቤተሰቡን ነው። ለበሽተኛው የደረቀ ከንፈሩን በእርጥብ ጨርቅ ማራስ ይበልጥበታል። «ከአምስት ስንት ያምሻል?» ብሎ ያልጠየቀ፣ ነገም ተመልሶ ያልጠየቀ፣ ባለሙያ ነኝ አይበል።

ሁለተኛ፣ ሞርፊን አለው ወይ? ማክሰኞ ጠዋት አይደለም የምላችሁ። እሑድ ሌሊት! በአፍ የሚወሰደው ሞርፊን በየአራት ሰዓቱ ነው የሚሰጠው፤ «ሲብስባት ስጧት» ብሎ የሚሄድ አላወቀበትም። አብሮ የሆድ ድርቀት ማለስለሻ ያላዘዘም እንዲሁ፤ ሞርፊን ሆድ እንደሚያደርቅ የማያውቅ ሰው ሞርፊንን አያውቀውም።

ሦስተኛ፣ ቤት ድረስ ይመጣል ወይ? ሲስተር ጽጌረዳ ይስፋወሰን እ.ኤ.አ. በ2003 አዲስ አበባ ላይ የመሠረቱት ሆስፒስ ኢትዮጵያ የሚመሰገነው በዚህ ነው፤ ነርሶቹ የበሽተኛውን ደጅ ያንኳኳሉ። ሥራው በእኛው አገር፣ በእኛው ነርሶች እንደሚቻል አሳይተዋል። ግን አንድ በጎ አድራጎት ድርጅት የመንግሥትን ሥራ ተሸክሞ ከአዲስ አበባ ከአራት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ የምትርቀው ጥሊሊ ድረስ ይምጣ ልንል ነው? እነሱን አመስግኖ እጁን አጣጥፎ የሚቀመጠው ነው መወቀስ ያለበት።

አራተኛ፣ እውነቱን ለማን ይናገራል? ለእኔ ኮሪደር ላይ ተነገረኝ፤ ለእታለም ማንም አልነገራትም። እኔም ደበቅኋት። «ይሻልሻል» አልኳት። በሠላሳኛው ሌሊት ገደማ «ልጄ፣ እንደምሞት እኮ አውቃለሁ፤ አንተ እንዳትደነግጥ ብዬ ነው ዝም ያልኩት» አለችኝ። አንድ ወር ሙሉ እርስ በርሳችን ስንተዋወን ከረምን! ጎበዝ ባለሙያ ቢኖር ኖሮ አጠገቧ ተቀምጦ፣ ምን ያህል ማወቅ እንደምትፈልግ ጠይቆ፣ በቀስታ በነገራት ነበር። ዕዳዋን ትከፍል፣ ቂሟን ትፈታ፣ ቤቷን ትናዘዝ ነበር።

በየትኛው ቋንቋስ? እታለም አማርኛ ትናገራለች፤ በመጨረሻው ሳምንት ግን ወደ እናቷ ቋንቋ ወደ አገውኛ ተመለሰች። ለሚሞት ሰው የሁለተኛ ቋንቋ ጉልበት የለውም። አዊ ውስጥ አገውኛ የማይሰማ አጽናኝ ግማሽ አጽናኝ ነው።

አምስተኛ፣ አስታማሚውን ያያል ወይ? እንዴት እንደምትገለበጥ፣ ጀርባዋ እንዳይቆስል ምን እንደሚደረግ፣ ትንፋሿ ሲቆራረጥ ምን ማለት እንደሆነ የነገረኝ አልነበረም። ወንድ ልጅ ነኝ፤ የአሳዳጊዬን ገላ ሳጥብ እሷም አፈረች፣ እኔም አፈርኩ። አንዲት ሴት ነርስ በሳምንት ሁለት ቀን ብትመጣ ይህ ሁሉ አይሆንም ነበር።

ስድስተኛ፣ እምነቷን ያከብራል ወይ? የንስሐ አባቷ ነበሩ ከሁሉ ይልቅ ያሳረፏት፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ ግፍ ነው። ጠበልም ተጠመቀች። መድኃኒትና ጠበል እንዲጣሉ የሚያደርግ ባለሙያ አያስፈልገንም፤ «ጠበል ከገባሽ ክኒኑን ጣይ» የሚል አጥማቂም እንደዚያው። ሕመሙ ጋብ ያለለት ሰው ጸሎቱንም ልብ ብሎ ይጸልያል።

በእነዚህ ስድስት እታለም ያገኘችውን እንክብካቤ ብመዝነው የሚያልፈው የንስሐ አባቷ ድርሻ ብቻ ነው። ቄሱ አለፉ፤ ሆስፒታሉ ወደቀ!

ለሚመልሱልኝ

«አገሩ እየታመሰ አንተ ስለ ሞርፊን ታወራለህ» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ አማራ ክልል ጦርነት ውስጥ መግባቱን፣ መንገድ ሲዘጋ መድኃኒትም አምቡላንስም መቆሙን ያየሁት ሰው ነኝ። ግን እታለም የሞተችው ከዚያ በፊት ነው፤ አስፋልቱ ክፍት፣ አውቶቡሱ በየሰዓቱ በሚያልፍበት ጊዜ። ያኔስ ማን ነበር የዘጋው? ደግሞስ መንገድ ሲዘጋ ሆስፒታል የማይደርሰው ሰው አይደለም ወይ ይበልጥ ቤቱ የሚያክመው የሚያስፈልገው?

«ሞርፊን ሱስ ያስይዛል» ትሉኛላችሁ። ቁጥጥር ያስፈልገዋል፣ አልክድም። ግን አርባ ሦስት ሌሊት የቀራትን ሴት ከሱስ ለማዳን ብሎ በስቃይ መፍጀት የየትኛው አገር ጥበብ ነው? በልኩ ሲሰጥ ሕመም ያስታግሳል እንጂ ሰው አይገድልም፤ ዓለም ይህን ካወቀው ቆየ።

«ሐኪሙስ ምን በላ?» ትሉኝ ይሆናል። ይህችን እቀበላለሁ። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች «ደመወዛችን አያኖረንም» ብለው ሥራ ሲያቆሙ የታሰሩት ታስረዋል። የራበውን ሐኪም «ርኅሩኅ ሁን» ብሎ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ቀልድ ነው። እኔም ያን ኮሪደር ላይ ያነጋገረኝን ወጣት አልረግመውም፤ ዓይኑ ቀልቶ ነበር። የምረግመው «የምናደርገው ነገር የለም» ከማለት ሌላ ቃል ያላስተማረውን ሥርዓት ነው።

ለራሳችንም

አሁን ደግሞ ወደ ራሳችን። እታለም ባረፈች በሰዓቱ እድሩ ደረሰ። ድንኳኑ ተተከለ፣ ወንበሩ ተደረደረ፣ ድስቱ ተጣደ፤ ሦስት ቀን ሙሉ ሰው አልተለየኝም። እግዜር ይስጣቸው! ግን አንድ ነገር አንጀቴን በላው። ቀብር ለቀረ የሚቀጣው እድር፣ ለሚያጣጥር አባሉ አንዲት ሌሊት እንዲያድር ማንንም አያዝም። ለሞተው ድንኳን አለን፤ ለሚሞተው ምን አለን? ሬሳ ስናከብር የምንመስለው የለም፤ ከሬሳው በፊት ያለውን ሰው ግን ብቻውን እንተወዋለን።

ኤችአይቪ ቤቱን ሁሉ ባንኳኳበት ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ እድሮች ከቀብር አልፈው ቤት ለቤት በሽተኛ መደገፍ ጀምረው ነበር። ተችሎ ነበር ማለት ነው። እድሮቻችን ደንባቸው ላይ አንዲት አንቀጽ ቢጨምሩ ምን ይከብዳቸዋል? በተራ ማደር፤ አስታማሚውን አንድ ሌሊት ማስተኛት። ይህ የውጭ ምንዛሪ አይጠይቅም፣ ፈቃድም አይጠይቅም።

መንግሥት ግን በዚህ ተደብቆ አያመልጥም። እድር ሞርፊን አያዝዝም። በየወረዳው አንዲት የሠለጠነች ነርስ፣ ሞርፊን የማዘዝ ፈቃድ እንደ ዩጋንዳ፣ ሪፖርቱ ላይ አንዲት ሣጥን። ሦስት ነገር ነው የጠየቅሁት። ጥር 23 ቀን በአገው ፈረሰኞች በዓል የክብር ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ ያጌጠውን ፈረስ ስታደንቁ የነበራችሁ ሹማምንት፣ ከሜዳው ዳር ካለው ቤት ጓዳ ውስጥ ማን ተኝቶ እንደሚያቃስት አንድ ቀን ጠይቁ።

አንተም አንባቢ፣ ይህን ጋዜጣ አጥፈህ ኪስህ ከመክተትህ በፊት አንድ ነገር አድርግልኝ። በሰፈርህ ወዳለው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ጎራ በልና «ለካንሰር በሽተኛ በአፍ የሚወሰድ ሞርፊን ዛሬ ማታ አላችሁ?» ብለህ ጠይቅ። «አለን» ካሉህ አመስግን፤ ይገባቸዋል። «የለንም» ካሉህ «ለምን?» በል። ሳትታመም ጠይቅ። ያመመህ ቀን ጥያቄው የአንተ አይሆንም፤ ኮሪደር ላይ የሚቆመው ልጅህ ነው።

ልብ ያለው ልብ ይበል!